ዕዳ የለባትም

ቦታው አስኮ ነው፤ ከአምቦ መንገድ ገባ ብሎ፣ የታክሲ ረዳቱ «ሳንሱሲ፣ ቡራዩ!» እያለ ሲጣራ ድምፁ የሚደርስበት ግቢ። ቡናው ሁለተኛው ላይ ነው። አከራያችን ከጫማ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ፣ ወደ ሰባ የሚጠጉ እናት ናቸው። ተከራይዋ ከዋናው ቤት ጀርባ ከተደረደሩት ሰርቪሶች በአንዱ አራት ዓመት ከመንፈቅ የኖረች መምህርት ናት፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ለሁለተኛ ዲግሪ ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ትገባለች። እኔ ከእሷ ቀጥሎ ያለችው ክፍል ተከራይ ነኝ። ረከቦቱ አጠገብ የተቀመጥኩት ቡና ልጠጣ እንጂ ልናገር አልነበረም።

ተከራይ፦ እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ፈልጌ ነበር።

አከራይ፦ ልትሄጂ ሁለት ሳምንት ቀርቶሽ ኪራይ ይቀነስልኝ አትዪኝም መቼም። ተናገሪ።

ተከራይ፦ አንድ ወረቀት እንዲጽፉልኝ ነው። «እዚህ ቤት ከዚህ ጊዜ እስከዚህ ጊዜ ተከራይታ ኖራለች፤ የኪራይ ዕዳ የለባትም» የሚል። ከሥሩ ስምዎ፣ ፊርማዎ፣ ስልክዎ።

አከራይ፦ የሚያነበው ማን ነው?

ተከራይ፦ እዚያ ቤት የሚያከራየኝ ሰውዬ።

አከራይ፦ እኔን የት ያውቀኛል?

ተከራይ፦ እኔንስ የት ያውቀኛል? ስለማያውቀኝ እኮ ነው ወረቀት የሚጠይቀኝ።

አከራይ፦ እኛም አንተዋወቅም ነበር። ደላላው በር ላይ አቁሞሽ ገባ። የት ነው የምትሠሪው አልኩሽ፤ ባል አለሽ ወይ አልኩሽ፤ እንግዳ ይበዛብሻል ወይ አልኩሽ። ፊትሽን አየሁና ቁልፉን ሰጠሁሽ።

ተከራይ፦ አራተኛም ጠይቀውኛል። «ውሃ የምትመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ ልብስ የምታጥቢው መቼ ነው?» ብለው።

አከራይ፦ እሱማ ዋናው ነው። ባልሽ ቢያመሽ የሚጎዳው አንቺን ነው፤ በየቀኑ አንሶላ የምታጥብ ተከራይ ግን ግቢውን በሙሉ ውሃ ታስጠማለች።

ተከራይ፦ የእነሱ ጥያቄ ደግሞ ሁሉም ወረቀት ነው። ሰው ቤት ሊያይ የሚሄደው ፎልደር ታቅፎ ነው። የፓስፖርት ቅጂ፣ የደመወዝ ማስረጃ፣ ተማሪ ከሆነ ገንዘብ እንዳለው የሚያሳይ የባንክ ወረቀት፣ የቀድሞ አከራዩ ቃል። በዚያ ላይ ሹፋ የሚሉት አለ።

አከራይ፦ ሹፌር?

ተከራይ፦ ሹፋ። ድርጅት ነው። በእነሱ አቆጣጠር ከ1927 ጀምሮ ማን ተበድሮ መለሰ፣ ማን የስልክ ሒሳቡን ሳይከፍል ቀረ እያለ የሚመዘግብ። አከራዩ እሱን ሳያይ ልቡ አይረጋም። እኔ ደግሞ ገና አገሩን አልረገጥኩም። መጥፎም ጥሩም አልተጻፈብኝም፤ መዝገቡ ላይ ጭራሽ የለሁም። የቀረኝ የእርስዎ ቃል ነው።

አከራይ፦ ቃሌንማ እሰጥሻለሁ። ደውዪና አገናኚኝ፤ ጨዋ ልጅ ናት እለዋለሁ።

ተከራይ፦ አማርኛ አይሰማም።

አከራይ፦ አንቺ ታስተረጉሚያለሻ።

ተከራይ፦ ስለ ራሴ ጨዋነት እኔው ላስተርጉም?

(ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው ግን ሲኒያቸውን አስቀምጠው ነጠላቸውን አጣፉ፤ ይህን ሲያደርጉ ነገሩ እንዳልጣማቸው ግቢው ሁሉ ያውቃል።)

ተከራይ፦ እትዬ፣ ፊርማ የሚፈሩት ዛሬ አይደለም። በቤትዎ ቁጥር መታወቂያ ላውጣ ብዬ ስንቴ ለምኜዎታለሁ! መታወቂያዬ እስከ ዛሬ ኮተቤ፣ እህቴ ቤት ነው። ወረቀት ቢጠየቅ እኔ አስኮ አንድ ሌሊት አላደርኩም።

አከራይ፦ ቅር ብሎሽ እንደኖርሽ አውቃለሁ። አንቺን ጠልቼ እንዳይመስልሽ። እናቴ መርካቶ ሁለት ቤት ነበራት። በአንዱ እኛ እንኖራለን፤ ሌላው ሁለት ክፍል ነው፣ ተከራይ ነበረበት። ደግ ሰው ነበር፤ እሑድ እሑድ ቡና ከእኛ ጋር ነው የሚጠጣው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 አዋጁ በሬዲዮ ተነገረ። የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆነ፣ ከአንድ ቤት በላይ ያለው ትርፉን ያስረክብ ተባለ። እኔ ያኔ ገና አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው።

ተከራይ፦ አዋጅ 47።

አከራይ፦ ቁጥሩን አንቺ በትምህርት ታውቂዋለሽ፤ እኔ የማስታውሰው መዝገብ ይዘው የመጡትን ልጆች ነው። የተከራያችንን ስም ጻፉ። ኪራዩ ከመቶ ብር በታች ስለነበረ ቤቱ ለቀበሌ ሆነ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውዬው ኪራዩን ከእናቴ እጅ ወስዶ ለቀበሌ መክፈል ጀመረ፤ ያውም ቀንሰውለት። ምን ያድርግ? ታዟል። ቡናውንም መጠጣት አልተወም። እናቴ ግን እስክትሞት ድረስ አንድ ነገር ነበር የምትለው፤ «ስሙን ባይጽፉት ኖሮ»።

ተከራይ፦ ስሙ ባይጻፍም ይወሰድ ነበር እኮ።

አከራይ፦ ታዲያ እሷን ማን ያስረዳት? ሰውዬው ሞቶ ልጆቹ ኖሩበት። ይቺን የአስኮዋን ቤት እኔ በማኅበር፣ ከፋብሪካ ደመወዜ እየተቆረጠ ነው የሠራኋት። ከዚያ ወዲህ የተከራይ ስም ከቤቴ ቁጥር ጎን ተጽፎ ሳይ እጄ ይንቀጠቀጣል።

(እኔ እስከዚያች ቀን ድረስ መታወቂያ የሚከለክሉን ግብር ፈርተው ይመስለኝ ነበር። የግብሩም ነገር አለበት። ግን አዲስ አበባ ውስጥ ቤቱን አምኖ ሰጥቶ ፊርማውን የሚነፍግ አከራይ በገጠመን ቁጥር የምናማው ስስቱን ብቻ ነው፤ ከሐምሌ 1967 የተረፈ ድንጋጤ ሊሆን ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም።)

ተከራይ፦ አሁን እኮ ሕጉ ሌላ ነው። አዋጅ 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ቢያንስ ለሁለት ዓመት ነው የሚዋዋሉት። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፣ ጭማሪ በዓመት አንዴ ነው፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በስልክ ነው። ቤቱን ግን ማንም አይወስድብዎትም።

አከራይ፦ የወረዳዎቹ ልጆች ሊያስመዘግቡን በየቤቱ ሲዞሩ የት ነበርሽ?

ተከራይ፦ ክፍሌ ውስጥ ነበርኩ። እርስዎ «የእህቴ ልጅ ናት» ብለዋቸዋል።

አከራይ፦ …ብያለሁ።

ተከራይ፦ እኔም ዝም ብያለሁ። ጭማሪ እንዳይመጣብኝ ፈርቼ ነው፤ እውነቱን ልንገርዎት።

አከራይ፦ እንግዲህ አሁን «አራት ዓመት ከመንፈቅ ተከራየች» ብዬ ስፈርም በራሴ ላይ መመስከሬ አይደለም? ቅጣቱንስ ማን ይከፍላል?

ተከራይ፦ ወረቀቱ ለጀርመን አገር ሰው እንጂ ለወረዳ አይደለም የሚሄደው።

አከራይ፦ ወረቀት እግር አለው፣ ልጄ።

ተከራይ፦ እዚያ ቢሆኑ ኖሮ የሚቀጡት ባለመፈረምዎ ነው። ያውቃሉ? አዲስ ቤት የገባ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ አድራሻውን ያስመዘግባል፤ አንሜልዱንግ ይሉታል። ሲሄድ ደግሞ «አዎ፣ እኔ ቤት ገብታለች» የሚል የአከራይ ፊርማ ይዞ ነው። ለዓመታት ትተውት ነበር፤ ሰው ባልኖረበት ቤት እየተመዘገበ ሲያስቸግር ከኖቬምበር 1 ቀን 2015 ጀምሮ መለሱት። አልፈርምም ያለ አከራይ እስከ አንድ ሺሕ ዩሮ ይቀጣል።

አከራይ፦ አልፈርምም ስላለ?

ተከራይ፦ አልፈርምም ስላለ። ያልኖረበትን ሰው ኖሯል ብሎ የፈረመማ ቅጣቱ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

አከራይ፦ እና ይኼ መሸኛ አይደለም እንዴ? ከቀበሌ ቀበሌ ሲኬድ የምናመጣው። እኔ ፈረንጅ እንደዚህ ያለ ነገር የሌለው ይመስለኝ ነበር።

ተከራይ፦ እኔም ደንቆኛል። አገሩን ለቆ የሚወጣም እንደዚሁ ሄጃለሁ ብሎ ያመለክታል። ልዩነቱ አድራሻ የሌለው ሰው እዚያ ምንም አለመሆኑ ነው። የግብር ቁጥሩ የሚመጣው በተመዘገበበት አድራሻ በፖስታ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ቢሮውም የሚጠይቀው እሱን ነው። አድራሻ ለማግኘት ቤት ያስፈልጋል፤ ቤት ለማግኘት ደግሞ አከራዩ የዚያ አገር የባንክ ሒሳብና የክፍያ ታሪክ ይጠይቃል። ባንኩ መልሶ «አድራሻሽ የት ነው?» ይላል።

አከራይ፦ አክስትሽ እዚያ አለች አይደል? እሷ ጋ አትመዘገቢም?

ተከራይ፦ ለመጀመሪያው ወር እሷ ጋ ነኝ። እሷም ተከራይ ናት፤ አንድ ክፍል ነው ያላት። እንግዳ አድርጋ ልታስተኛኝ ትችላለች፤ ነዋሪ ናት ብላ ለማስመዝገብ ግን ባለቤቱን ማስፈቀድ አለባት። በዚያ ላይ ዘመድ መሆናችንን ያመናት የለም። «ስማችሁ አይገጥምም» አሏት።

አከራይ፦ የአባትሽ እህት አይደለች?

ተከራይ፦ ናት እንጂ። የእኔ የአያት ስም የእሷ የአባት ስም ነው። የእኔ መጨረሻ ላይ ያለው የእሷ መሐል ላይ ነው። እነሱ የሚያዩት የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነው።

አከራይ፦ ብታስረጃቸውስ?

ተከራይ፦ የአያቴን ስም ታሪክ ቢሰሙ! ኃይለ ማርያም ነው። ትምህርት ቤት አያይዘው ጻፉት፤ ፓስፖርቴ ላይ ኃይለ ለብቻ፣ ማርያም ለብቻ ሆነ። ዩኒቨርሲቲው የቅበላ ደብዳቤውን ሲልክልኝ «ውድ ወይዘሪት ማርያም» ብሎ ነው የጀመረው። የቤተሰብ ስሜ ማርያም ነው ማለት ነው። እዚያ ደግሞ አብዛኛው አፓርታማ የክፍል ቁጥር የለውም፤ ደወሉ ላይና ፖስታ ሳጥኑ ላይ የሚለጠፈው የቤተሰብ ስም ነው። ፖስተኛው የሚፈልገውን ስም ካላገኘ ደብዳቤውን ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ በሬ ላይ «ማርያም» ብዬ መለጠፌ ነው።

አከራይ፦ እሰይ! ከዚህ የበለጠ ምን ጠባቂ ትፈልጊያለሽ?

ተከራይ፦ እሱስ ልክ ነዎት። ዲግሪዬ ላይ ግን «ኃይለማርያም» ነው የሚለው። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ወረቀት ለማግኘት ስንት ቀን እንደተመላለስኩ!

አከራይ፦ ለዚህ ነው ጠዋት ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ የማይሽ? እኔ ሥራ የምትሄጂ ይመስለኝ ነበር።

ተከራይ፦ ሥራውንማ ፈቃድ ጨርሼ በልመና ነው የያዝኩት። ስሙ ይሻላል እንኳ፤ የልደት ቀኔ ሦስት ሆኖ ነበር። የተወለድኩት ጥቅምት 12 ቀን 1988 ነው። አንዱ ቢሮ ስምንት ደመረበትና 1996 አደረገው። ስምንት የሚደመረው የፈረንጆቹ ዓመት ከተለወጠ ወዲህ ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት ነው። ይስተካከልልኝ ብዬ ተመለስኩ፤ ኦክቶበር 22 ቀን 1995 ብለው ሰጡኝ። እሱም ትክክል አይደለም፤ 23 ነው።

አከራይ፦ አንዷ ቀን ከየት መጣች?

ተከራይ፦ ከጳጉሜን። 1987 ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ ጳጉሜን ስድስት ሆነች። ስለዚህ የ1988 እንቁጣጣሽ የዋለው ሴፕቴምበር 12 እንጂ 11 አይደለም። ከዚያ በኋላ እስከ የካቲት ድረስ ያለው ቀን ሁሉ በአንድ ይገፋል። ጸሐፊዋ ግድግዳ ላይ የለጠፈችው ሰንጠረዥ የአዘቦቱ ዓመት ብቻ ነው።

አከራይ፦ ቄስ ብትጠይቂ በአንድ አፍ ይነግሩሽ ነበር፤ ባሕረ ሐሳብ ምን ሊሠራ ነው!

ተከራይ፦ ቄስ ማኅተም የላቸውማ። እኔ ያለ ማኅተም አንድ እርምጃ አልሄድኩም። የልደት ወረቀቱ ከወረዳ ይወጣል። ከዚያ የወረዳው ማኅተም እውነተኛ ነው የሚል የሌላ ቢሮ ማኅተም ይመታበታል፤ ከዚያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፤ ከዚያ ወደ ኤምባሲ። ብዙ አገሮች በ1961 ሄግ ላይ በተፈረመ ስምምነት ይህን ሁሉ በአንድ ማኅተም ጨርሰውታል፤ አፖስቲል ይሉታል። ኢትዮጵያ የስምምነቱ አባል ስላልሆነች እኛ የማኅተም ምስክር፣ የምስክሩን ምስክር እያልን እንሄዳለን።

አከራይ፦ የዕድር ጡሩንባ ነፊ ይመስል በር ለበር። ቆይ፣ ገንዘቡንስ እንዴት አደረግሽው? አክስትሽ ላከችልሽ ወይስ አስገባችልሽ?

ተከራይ፦ አስገባችልኝ፤ በስሜ። አንድ ዓመት የምኖርበት 11,904 ዩሮ በታገደ ሒሳብ ተቀምጧል። በየወሩ 992 ብቻ ነው የሚለቀቅልኝ።

አከራይ፦ የገዛ ገንዘብሽ ታግዶብሽ?

ተከራይ፦ የገዛ ገንዘቤ። አንድ ወር ላይ እንዳልጨርሰው ነው።

አከራይ፦ ይኼስ ደግ ነው። ለእኔም የጡረታዬን እንዲህ የሚያግድልኝ ባገኘሁ። እና ከዚያው ላይ ኪራይ ትከፍያለሽ?

ተከራይ፦ ከዚያው ላይ። ኪራዩ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ቀዝቃዛ ኪራይና ሙቅ ኪራይ።

አከራይ፦ አሁንስ ቀለድሽብኝ።

ተከራይ፦ እውነቴን ነው። ቀዝቃዛው የቤቱ ዋጋ ብቻ ነው። ማሞቂያ፣ ውሃ፣ የቆሻሻና የደረጃ ጽዳት ሲጨመር ሙቅ ይሆናል። መብራቱ ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ውጭ ነው። ማስታወቂያው ላይ ቀዝቃዛውን አይቶ «ረከሰ!» ብሎ የሚዘል ሰው ኋላ ያለቅሳል። በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ማሞቂያው ይተሳሰባል፤ በክረምት መስኮት ከፍቶ ያሞቀ ሰው ተጨማሪ ይከፍላል።

አከራይ፦ እኔ ከአንቺ ጋር በመብራት ቆጣሪ ስንጨቃጨቅ ኖረን! በምጣድ ቀን ስንት ቆጠረ፣ ማን ካውያ ሰካ እያልን። እዚያ ብሆን አንቺን በወረቀት ነበር የማስለቅስሽ።

ተከራይ፦ መያዣ ደግሞ አለ። ከሦስት ወር ቀዝቃዛ ኪራይ መብለጥ አይችልም፤ በሦስት ጊዜ ከፋፍዬ መክፈል እችላለሁ። አከራዩ ከራሱ ገንዘብ ጋር ሳይቀላቅል ባንክ ያስቀምጠዋል፣ ወለዱም የእኔ ነው። ስወጣ ግድግዳውን አይቶ ይመልስልኛል።

አከራይ፦ መብላት አይችልም ማለት ነው?

ተከራይ፦ አይችልም።

አከራይ፦ እኛ ዘንድ ተከራይ ቅድሚያ ከፈለ ማለት አከራዩ ጣሪያ ቀየረ ማለት ነው።

ተከራይ፦ ደላላውን ቢሰሙማ! እዚህ ከእርስዎም ከእኔም ተቀብሎ ነው የሄደው። እዚያ ከጁን 2015 ወዲህ ለኪራይ ቤት ደላላ የሚከፍለው የቀጠረው ሰው ነው። አከራዩ ቤቴን አከራይልኝ ካለው ከፋዩ አከራዩ ነው።

አከራይ፦ ይኼን ሕግ ለሰፈራችን ደላሎች እንዳትነግሪያቸው፤ ይሰደዳሉ።

ተከራይ፦ ሌባውስ እዚያም አለ። ባለፈው ወር ሊበላኝ ነበር። ፎቶው የሚያምር፣ ዋጋው ረከስ ያለ ቤት ኢንተርኔት ላይ አየሁ። ጻፍኩለት። «ለሥራ ከአገር ውጭ ነኝ፤ መያዣውን አስገቢልኝ፣ ቁልፉን በፖስታ እልክልሻለሁ፣ ካልወደድሽው ገንዘብሽ ይመለሳል» አለኝ። እንግሊዝኛው ለስላሳ፤ የመታወቂያውን ፎቶ ሳይቀር ላከልኝ።

አከራይ፦ ሰው ያላየውን ቤት ይከፍላል?

ተከራይ፦ ቀርቦ ማየት የማይችል ሰው ምን ያድርግ? አክስቴን አድራሻው ድረስ ሄደሽ እዪልኝ አልኳት። ሄደች። የጥርስ ሐኪም ቤት ነው።

(እዚህ ላይ አፌን ከፈትኩ። ኮንዶሚኒየም ቁልፍ አስረክብሃለሁ ብሎ ለአራት ሰው አንድ ቤት አሳይቶ የጠፋ ደላላ እኔም ገጥሞኝ ያውቃል፤ ሌብነቱ አንድ ነው አልኩ። ተከራይዋ ግን አልተስማማችም። «አንተ ቢያንስ ወጥ ቤቱን አይተኸዋል» አለችኝ። ዝም አልኩ።)

አከራይ፦ ሌላስ ምን ሕግ አለባቸው? እኔ በሬን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እዘጋለሁ ብዬ ስታሚኝ ነበር።

ተከራይ፦ በር አይዘጉም፤ ድምፅ ነው የሚዘጉት። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ጸጥታ ነው። እሑድ ቀኑን ሙሉ ጸጥታ ነው። ባዶ ጠርሙስ እንኳ እሑድ ቀን መንገድ ዳር ወዳለው ማጠራቀሚያ መጣል አይቻልም፤ ይንኳኳላ። ሲጣልም ነጩን ለብቻ፣ አረንጓዴውን ለብቻ፣ ቡናማውን ለብቻ ነው።

አከራይ፦ ይኼማ የቆራሌው ሥራ ነው። ብርጭቆ ፋብሪካ አጠገብ እየኖርን እኛን ማን ቀለም ለዩ ብሎን ያውቃል? እሱ ጆንያውን ይዞ ይመጣል፣ ይከራከረናል፣ ይወስዳል።

ተከራይ፦ እዚያ ቆራሌው እኔ ነኝ። ሌላው ደግሞ አድራሻ እንዳስመዘገብኩ የሚመጣው ደብዳቤ ነው። ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ በቤት በወር 18 ዩሮ ከ36 ሳንቲም። ቴሌቪዥን ባይኖርም ይከፈላል።

አከራይ፦ እኛስ የቴሌቪዥን እንከፍል አልነበረም? በየዓመቱ። ግን እኛ የተጠየቅነው ሲኖረን ነው።

(ሦስተኛው ቡና ተቀዳ። እሳቸው ነጠላቸውን ፈቱት። ልጅቷ ስልኳን አውጥታ አንድ ነገር ማንበብ ጀመረች፤ ከዚያ ተወችው።)

ተከራይ፦ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ደብቄዎት ባልሄድ ይሻላል። የዚህ ወረቀት ጉዳይ እዚያም ፍርድ ቤት ደርሷል። በ2009፣ በእነሱ ማለቴ ነው፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤታቸው የቀድሞ አከራይ ዕዳ የለበትም የሚል ወረቀት የመስጠት ግዴታ የለበትም ብሎ ወስኗል። ተከራዩ የከፈለበትን ደረሰኝ ያሳይ ነው ያለው።

አከራይ፦ እንግዲያ አልገደድም።

ተከራይ፦ አይገደዱም። እኔ ደግሞ ደረሰኝ የለኝም። በእጅ ነው ስሰጥዎት የኖርኩት፤ አምስት ወር ብቻ ነው በስልክ የላክሁት፣ ያውም እርስዎ ታመው ፀበል የሄዱ ጊዜ።

አከራይ፦ አንድ ወር አሳልፈሽ ታውቂያለሽ?

ተከራይ፦ አንዴ። ደመወዝ ዘግይቶብን።

አከራይ፦ አሥራ አንድ ቀን። እኔ እጽፋለሁ፤ ደብተር አለኝ። (ተነሥተው ገቡ። መንግሥት ያላየው፣ እኛም አይተነው የማናውቀው ባለ መስመር ደብተር ይዘው ወጡ። በየገጹ አናት ላይ ስም የለም፤ «አንደኛዋ ክፍል»፣ «ሁለተኛዋ ክፍል»፣ «ሦስተኛዋ ክፍል» ይላል። ከሥሩ ወር፣ ብር፣ ምልክት።) ይኸው። ጥር 2014 ገባሽ። ይኸው የዘገየው። ይኸው መልሰሽ የከፈልሽው።

ተከራይ፦ እትዬ! ይኼ እኮ ሁሉንም ይዟል።

አከራይ፦ ስምሽን ግን አልያዘም። (ከጀርባው አንድ ገጽ ገነጠሉ። እስክሪብቶ ጠየቁኝ፤ ሰጠኋቸው።) «ለሚመለከተው ሁሉ» ብዬ ልጀምር?

ተከራይ፦ ይሁን፣ ጥሩ ነው። እኔ አስተረጉመዋለሁ፤ ፊርማ ባለው ሰው።

አከራይ፦ «ከላይ ስሟ የተጠቀሰው…» ቆይ፣ አያትሽን አያይዤ ነው ወይስ ለያይቼ የምጽፈው?

ተከራይ፦ ለያይተው። እንደ ፓስፖርቱ።

አከራይ፦ «…ኃይለ… ማርያም… በአዲስ አበባ ከተማ አስኮ በሚገኘው መኖሪያ ቤቴ አራት ዓመት ከመንፈቅ በተከራይነት ኖራለች። የኪራይ ዕዳ የለባትም። ውሃ በሥርዓት ትጠቀማለች።»

ተከራይ፦ ውሃው ይቅር፣ እትዬ፤ አይገባቸውም።

አከራይ፦ አይቀርም። አስተርጓሚው ምን እንደሆነ ይንገራቸው። ቀኑን በእኛ ነው ወይስ በፈረንጅ?

ተከራይ፦ በሁለቱም።

አከራይ፦ የፈረንጁን አንቺ አስዪው፤ ያቺን የጳጉሜኗን ነገር እንዳልስት። (ፈረሙ። ፊርማቸው የፋብሪካ ደመወዝ መቀበያ ላይ ሲፈርሙት የኖሩት ሳይሆን አይቀርም፤ ቀጥ ያለ፣ ፊደሉ ሁሉ የሚነበብ ነው። ወረቀቱን ለልጅቷ ሰጧት፤ ደብተሩን ግን አልዘጉትም። ጥቂት ገጽ መለስ አድርገው «ሦስተኛዋ ክፍል» የሚለውን አወጡ። ሦስት ዓመት ሆኖኛል። እስክሪብቶዬን እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝ።) አንተስ? የአያትህ ስም ማን ነበር?